ካርታው ላይ ያልሰፈረው ምንጭ

አራጌ ችካሉን ሲያይ መጀመሪያ የመሰለው ሊያበሽቁት የተከሉት ነበር። ከመካነ ሰላም ገበያ ቁልቁል፣ የታች ሰፈር ቤቶች ካለቁ በኋላ፣ ከእሱ አጥር ጀርባ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ የባሕር ዛፍ ችካል ቆሟል። ከእሱ በላይ ሌላ፣ ከዚያም በላይ ሌላ፤ እስከ ገበያው ድረስ ተሰልፈዋል። ሌላው ሰው እንጨት ነው ብሎ ያልፈዋል። አራጌ ግን ያነበዋል። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የማዘጋጃ ቤቱ የመጀመሪያ ፕላን ሲነሣ አራት ወር ሙሉ የቀያሾቹን የመለኪያ ሰንሰለት የጎተተው እሱ ነው። «ሥራው ሲያልቅ ቋሚ ትሆናለህ» ብለውት ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቋሚ የሆነው የከንቲባው የእኅት ልጅ ንጉሡ ነው፤ ሰንሰለት በእጁ ያልነካ፣ ፀሐይ ያልመታው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተባለ። አራጌም እኮ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፤ የእሱም ጽሑፍ ቢሆን ይነበባል። አሳየን ያለው ግን የለም።

መስመሩን በዓይኑ እየተከተለ ወረደ። ከመጨረሻው ችካል ስድስት እርምጃ ዝቅ ብሎ የድንጋይ ክምር አለ። እሾህ ወርሶታል፤ ላየው ሰው ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ ነው። የታች ሰፈር አርባ አባወራ ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ያውቃል። ምንጭ አለ። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ አንዷን ጠፍጣፋ ድንጋይ ገለጥ አድርገው በቅል ይቀዱና መልሰው ይከድኑታል። የላይ ሰፈር ሰው ሴቶቹ እንስራ ተሸክመው ሲመጡ ሲያይ ከወንዝ የወጡ ይመስለዋል።

ቀበሌው አዲስ ፕላን ማውጣቱን አራጌ በስብሰባ ሰምቷል። ገበያው ይሰፋል፣ ቄራው ወደ ዳር ይወጣል፣ የሕዝብ ሽንት ቤት ይሠራል፣ የሁሉም እጣቢ በአንድ ቦይ ወደ ገደሉ ይወርዳል ተብሎ ተጨብጭቧል። እሱም አጨብጭቧል። ቦዩ በየት እንደሚወርድ ግን ያኔ ማንም አልተናገረም። አሁን ችካሉ ተናገረ፤ የከብቱ ደምና ፈርስ፣ የሽንት ቤቱም ጉድ፣ ከምንጩ ራስ በላይ ስድስት እርምጃ ላይ ሊያልፍ ነው። አፈሩ ደግሞ ውኃ የሚያሾልክ ነው። አንድ ክረምት አይፈጅበትም።

ሮጦ ሄዶ «እዚህ ምንጭ አለ» ማለት ነበረበት። ቀላል ነበር፤ ስድሳ ስድስት ባይኖር።

በስድሳ ስድስት ኅዳር የአባይ ዳር ቆላ ሰው ልጁን በጀርባው አዝሎ፣ አንዳንዱም ባዶ ጀርባውን ይዞ፣ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ከደሴ ሰዎች መጡ፤ ለተራበው መጠለያ ሊሠሩ፣ ለዚያም ውኃ ያለበትን ቦታ ሁሉ ሊመዘግቡ። የከተማው ጉድጓዶች ደርቀዋል። የታች ሰፈሩ ምንጭ ግን እንደ ጣት ቀጥናም ቢሆን አልተቋረጠችም። የዚያን ዕለት ማታ ቅሬው ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ቅሬ ለመቀባበር የቆመ ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው የሚቀበረውም የሚቀብረውም። የቅሬው ዳኛ አያ አባተ አጭር አድርገው ነገሩት፦ ይህች ውኃ ለአርባ ቤት ነው የምትበቃ፤ አምስት መቶ ሰው ቢወርድባት ለእኛም ለእነሱም ሳትሆን ትረገጣለች። ድንጋይ ይጫንባት፣ ሰው አይወቃት። ክርስቲያኑ በሚካኤል፣ እስላሙ በቁርኣን ማለ። ቃሉን ያፈረሰ ሬሳው አይነሣ ተባለ።

በማግስቱ የደሴዎቹ ሰዎች አገር የሚያውቅ መሪ ጠየቁ። የማዘጋጃ ቤቱ ንጉሡ ገደል ለገደል መሄድ አልወደደምና አራጌን ላከላቸው። አራጌም በደረቅ ፈረፈር፣ ውኃ በሌለበት ሸለቆ ሁሉ አዞራቸው። የድንጋዩን ክምር በስተቀኝ ትተውት አለፉ። መጨረሻ ላይ የሰዎቹ አለቃ ወረቀት ሰጠውና ያየኸውን ጻፍ አለው። ጻፈ። አለቃው አነበበና «ጎበዝ፣ የገባህ ሰው ነህ» አለው። በዕድሜው ሙሉ የመንግሥት ሰው ያመሰገነው ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አለው። ደስ ስላለው ነው እስከ ዛሬ የሚያመው።

መጠለያው የአንድ ሰዓት መንገድ ዝቅ ብሎ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ዳር ተሠራ። ጥር ሳያልቅ ተቅማጥ ገባ። ሃምሳ ሦስት ሰው ሞተ፤ ቅሬው ነው የቆጠረው፣ ቅሬው ነው የቀበረው። ማንም አላዘዛቸውም። አቡጀዲውን አዋጥተው ገዙ፣ መቃብሩን ራሳቸው ቆፈሩ፣ የአራጌ ጎረቤት ሀሊማ የሞቱትን ሴቶች አጠበች። የታጠቡበትም ውኃ ከዚያችው ምንጭ የተቀዳ ነበር። በሕይወት ሳሉ የነፈጓቸውን ሲሞቱ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ በታች ሰፈር ስለዚህ ነገር የተናገረ የለም። ምንጯም ከነድንጋይዋ ቀረች።

እንግዲህ በስድሳ ስምንት ሚያዝያ፣ አራጌ ቃሉንም ምንጩንም አላጣም ብሎ ወደ ቀበሌው ሄደ። ቢሮው የድሮው ማዘጋጃ ቤት ነው። ንጉሡ እዚያው ወንበሩ ላይ አለ። መንግሥት ሲገለበጥ አጎቱ ወኅኒ ወረዱ፤ እሱ ኮቱን ገልብጦ ለበሰና የቀበሌው ጸሐፊ ሆነ። ከጎኑ ካርታ ዘርግቶ የሚሠራው ውበቱ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘማች፣ የምሕንድስና ተማሪ፣ ቦዩን የነደፈው እሱ ነው።

«ምን ልርዳዎት አባባ?» አለ ውበቱ።

አራጌ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አባባ መባሉ አበሸቀው። ቢሆንም ዋጠው። መስመሩ ከእሱ አጥር ኋላ ቢታጠፍ ይሻላል አለ። ለምን ሲባል አፈሩ ይናዳል አለ። ውበቱ አፈሩን ቆፍሮ ማየቱን፣ እንደማይናድ ነገረው። እንግዲያው መቃብር አለ አለ። የማን ሲባል ካርታውን ያይ ጀመር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይሰማል፣ ይጽፋል። ክፉነቱ መልስ ማወቁ ነው።

ንጉሡ ከወንበሩ ሳይነሣ ሳቀ። «አያ አራጌ ዛሬም ሰንሰለቱን አልለቀቁትም። ጓድ ውበቱ፣ እኒህ ሰው እኮ ቀያሽ ናቸው፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረባቸው።»

ውበቱ አልሳቀም። ከፋይል ውስጥ አንድ የወየበ ወረቀት አውጥቶ አሳየው። ውኃ አካባቢ ቦይ እንደማይወርድ እሱም ያውቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መዝገቡን አገላብጧል። ወረቀቱ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ከገበያው በታች እስከ ገደሉ ድረስ ምንም ዓይነት ውኃ የለም፤ ይህንን የማውቅ አራጌ ይመር። ፊርማውም አለ።

«የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም?» አለ ውበቱ። «በደንብ ይነበባል።»

አራጌ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን አላስተዋለውም። ስንት ማመልከቻ ጽፏል፦ ለቋሚነት፣ ለሰንሰለት ጉተታው ቀሪ ደመወዝ፣ በላይ ሰፈር ለተቀማው ቦታ። አንዱም ፋይል ውስጥ አልተገኘም። ተጠብቆ፣ ተከብሮ፣ በክር ታስሮ የቆየለት አንዱ ውሸቱ ነው።

እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ከቃሉ እንዲፈቱት ጠየቀ። አያ አባተ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ። ከዚያ ያኔና ዛሬ አንድ እንዳይደለ አስረዱት። ረሃብ ደበቁ ተብሎ ስንት ትልልቅ ሰው ጉድጓድ ገባ፤ ውኃ ደብቀው ሃምሳ ሦስት ሰው አስፈጁ የተባሉትን ማን ይምራቸዋል? አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን የተሸከመው ለጌጥ መሰለህ ወይ አሉት።

«ታዲያ የቄራ ደም ልትጠጡ ነው?» አላቸው።

«አብሽር» አሉ አያ አባተ። «ቦይ ቆፋሪ ይሰለቸዋል። መንግሥት ስንቱን ጀምሮ ትቷል።»

አንዱ ደግሞ ከኋላ፣ አራጌ የተቆጨው ቦዩ በእሱ አጥር ስለሚያልፍ ነው፣ ለራሱ ነው እንጂ ለእኛ መቼ አስቦ ያውቃል አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ሀሊማ ግን አልሳቀችም። ባሏን በዚያው በስድሳ ስድስት የቀበረች ሴት ናት።

«ወላሂ አራጌ፣ እኔ ያጠብኳቸውን ሴቶች ፊታቸውን አልረሳሁም» አለች። «ስትናገር እኔን አትጥራ። ሁለተኛ ሬሳ ማጠብ አልችልም።»

ቦይ ቆፋሪው አልሰለቸውም። ለቀኑ ሥራ ስንዴ ይታደል ነበርና። ሰኞና ሐሙስ እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ያወጣል። እነሆ የታች ሰፈር ሰዎች ራሳቸው ዶማና አካፋ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወደ ገዛ ምንጫቸው ይቆፍሩ ጀመር። ማንም ቀና ብሎ ወደ ክምሩ አያይም። አራጌም ይቆፍራል፤ ስንዴው ለእሱም ያስፈልገዋል። በየቀኑ የቀረውን በእርምጃ ይለካል። ሁለት መቶ። መቶ ሃያ። ሰባ። ሚስቱ ብርሀንነሽ ማታ ማታ ስንት ቀረ ትለዋለች፤ ይነግራታል።

ሠላሳ እርምጃ ሲቀር፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ንጉሡና ውበቱ ሥራውን ሊያዩ ወረዱ። ንጉሡ ፋይሉን በብብቱ ይዟል፤ ሲበላም የሚለየው አይመስልም። አብዮት ጠባቂ ተከትሏቸዋል። ንጉሡ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ሠራተኛውን አመሰገነና፣ ወደ አራጌ ዞር ብሎ፣ ቀያሻችን ዛሬስ መስመሩ ተስማማዎት ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ፈገግ አለ።

አራጌ ዶማውን ጣለ።

«ከዚህ በታች ምንጭ አለ» አለ።

ዶማዎቹ ሁሉ ቆሙ። ንጉሡ ፋይሉን ከፈተ፤ ወረቀቱን ቃል በቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ ፊርማው ላይ ሲደርስ ደገመው። ከዚያ ሰዉን ይጠይቅ ገባ። አያ አባተ እኔ ያየሁት ነገር የለም አሉ። ሌላውም አላየሁም አለ። ሀሊማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አራጌ ከእነሱ ጋር ክርክር አልገጠመም። ወርዶ እሾኹን በእጁ ነቀለ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ጎን ወረወረ። ጣቱ ደማ። የመጨረሻዋን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲገለብጥ ውኃው ቡልቅ ብሎ እግሩ ሥር ፈሰሰ።

ውበቱ ተንበርክኮ በመዳፉ ቀዳና ቀመሰው። ንጹሕ ነው አለ። ከዚያ መቼ እንደ ፈለቀ ጠየቀ።

አያ አባተ ከሁሉ ቀድመው መለሱ። «አምና ነው ልጄ። አምና ክረምት ነው ብቅ ያለው።»

አራጌ ወደ እሳቸው ዞረ። ሰዉ ሁሉ እያየው ነው፤ አርባ ጥንድ ዓይን፣ እሺ በል የሚል። ለካስ መንገድ ነበረ። አምና ቢል ወረቀቱም እውነት፣ እሱም እውነተኛ፣ ቅሬውም ሰላም። አፉን ሊከፍት ሲል ውበቱ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«አምና ከሆነ የክረምት ውኃ ነው» አለ። «ነገ ይደርቃል። ለዚያ ብዬ ቦይ አላዞርም። በድርቁ ዓመት ያልደረቀ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።»

ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ማንሣት ጀመሩ። ንጉሡ ፋይሉን ዘጋ። አራጌ ንጉሡን አየው፤ ያን የለሰለሰ እጁን፣ ያን ፋይሉን። ከዚያ ውኃውን አየ።

«አልደረቀም» አለ። «በስድሳ ስድስትም ይፈስ ነበር። ጽፌ የፈረምኩት ውሸት ነው።»

«ማን ነው የደበቀው?» አለ ንጉሡ። ድምፁ ረጋ ብሏል፤ ያገኘውን ያወቀ ሰው ድምፅ ነው።

ሀሊማ ነጠላዋ ውስጥ ዓይኗን ጨፍናለች። አያ አባተ ምርኩዛቸውን ሙጥኝ ብለዋል። አራጌ ሊጠራው የሚችል የፈለገውን ያህል ስም ነበረው፤ ከኋላ ሆኖ ለራሱ ነው ያለውም እዚያው ቆሟል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ብቻዬን።»

ይህን ለምን እንዳለ በኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል። በቀበሌው እስር ቤት አርባ ቀን ተቀምጦ ሌላ ምን ሥራ ነበረው? ቸርነት አይደለም፤ ቸር ሰው አለመሆኑን ያውቃል። ምናልባት በፋይሉ ውስጥ አንድ ነገር እንኳ በእሱ ስም ብቻ እንዲሰፍር ፈልጎ ይሆናል።

በሰኔ ማብቂያ ተፈታ። ዘማቹ በድርቁ ያልደረቀ ቢሆን ኖሮ ብሎ ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ፣ ቦዩን አዞረው። የሚዞርበት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። ከላይ የመጣው እጣቢ ከምንጩ ስልሳ እርምጃ ርቆ ወደ ሌላው ፈረፈር እንዲወርድ መታጠፍ ያለበት በአራጌ ግቢ ነው። ዋናው ቤት ፈርሷል። የቦዩ ወለል በድንጋይና በጭቃ ተለስኖ፣ ድሮ አልጋው በነበረበት ያልፋል። ብርሀንነሽ ማድቤቷ ውስጥ ጠበቀችው።

«አገሩን ሁሉ አጠጥተህ እኔን ሜዳ ላይ ጣልከኝ» አለችው። ሌላ አላለችም፤ እንጀራውን አቀረበች።

ምትክ ቦታ ሊጠይቅ ቀበሌ ሄደ። ውበቱ ዘመቻው አልቆ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ካርታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ምንጩም በሰማያዊ ቀለም ተስሎበት፣ በንጉሡ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «በዘማቾች ጥረት የተገኘ የሕዝብ ምንጭ» ተብሎ ተጽፏል። አራጌ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ንጉሡ ለምትክ ቦታ ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ፣ ከማመልከቻው ጋርም ሁለት የሰፈር ሰው ምስክር መፈረም እንዳለበት ነገረው።

ምስክር ከየት ይመጣል? ቅሬው እሱ ታስሮ ሳለ ተሰብስቦ ወስኗል። ማንንም አላጋለጠም፣ ይህን ያውቃሉ፣ አያ አባተም ይህንኑ ተናግረዋል አሉ። ቃል ግን ቃል ነው፤ ምሏል፣ አፍርሷል። ሬሳው አይነሣም። እሱን ሰላም ያለ ሰውም አንድ ቁና ጤፍ ይቀጣል። ይህን ወስነው ሲያበቁ እንስራቸውን አንሥተው ወደ ምንጩ ወረዱ፤ አሁን መደበቅ የለ፣ ጎህ መጠበቅ የለ፣ በጠራራ ፀሐይ እየተጫወቱ ይቀዳሉ።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ ዳር እስከ ዳር ያዘ። የገበያው ጎርፍ በቦዩ ሞልቶ ወረደ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰብር። አራጌ ከማድቤቱ ደጃፍ ቆሞ አየው። ጎርፉ መታጠፊያው ላይ ደርሶ አንዴ ተንፈራገጠና ወደ ፈረፈሩ ዞረ። ታች ምንጩ ጋ አንዲት ጠብታ አልደረሰም። መስመሩ ትክክል ነው። የተናገረለት ግን የለም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሀሊማ እንስራዋን አዝላ ከወዲያኛው የቦይ ዳር ብቅ አለች። ቦዩ አሁን በሰፈሩና በምንጩ መካከል ነው ያለው፤ መሻገሪያ ለመሥራት ደግሞ ማንም አላሰበም፤ ካርታው ላይ አልነበረማ። ሁለት ሦስት ሴቶች ከኋላዋ ቆሙ። ሀሊማ አራጌን አላየችውም፤ ማለት፣ እንዳላየች ሆነች። ሰማዩን እያየች ተናገረች።

«ያረቢ፣ እዚህ ጋ አንድ ሳንቃ ነገር ቢገኝ እንዴት ደግ ነበር።»

አራጌም ለማን ይመልሳል? ለሰማይ ነው የተነገረው። ወደ ውስጥ ገባ፤ ብርሀንነሽ ምን ልታደርግ ነው እያለችው ከፈረሰው ቤት የተረፈውን የዝግባ በር ከግድግዳው አነሣው። አዲስ ቤት ሲሠራ ሊገጥመው ያስቀመጠው ነው። እየጎተተ አወጣውና ቦዩ ላይ አጋደመው። ከዚያ ሴቶቹ ቁና ጤፍ እንዳይቀጡበት ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

አንድ በአንድ ተሻገሩ። ባዶ እንስራ ይዘው ሲሄዱ በሩ ቻለ። ሞልተው ሲመለሱ፣ የመጨረሻዋ ሀሊማ ነበረች፣ መሐል ላይ ስትደርስ እንጨቱ ጎበጠና እንስራዋ ተናጋ፤ ውኃ በትከሻዋ ላይ ፈሰሰ። ተሻግራ ቆመች። እንጨቱን በእግሯ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይወዛወዛል» አለች፣ አሁንም ለሰማዩ። «ከሥሩ በሁለቱም በኩል ድንጋይ ይፈልጋል። ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሎ ነው የሠራው።»

ሄደች። አራጌ ካባቷ ጀምሮ ዘሯን ሁሉ በሆዱ እየሰደበ፣ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ፈረሰው ቤቱ መሠረት ሄደ።